በቁሟ የተጻፈው የሕይወት ታሪክ

እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ማንንም ሳልገድል፣ ሦስት ወረዳ ያስለቀስሁ ሰው ነኝ። ይህን የምላችሁ ልኮራበት አይደለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሰው ቤት ብቅ ስል «ምነው፣ በደኅና ነው?» ብለው ደረታቸውን የሚይዙ ሰዎች አሉ። ከሌላ ሰው ተጋንኖ ከምትሰሙት ከእኔ ከባለቤቱ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። እኔም ብሆን ትንሽ ማጋነኔ አይቀርም።

በዚያን ጊዜ ከተማችን ውስጥ ባለ አንድ የአካል ማገገሚያ ማዕከል መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል ይባላል። ኮምፒውተር ከገባ በኋላም ቢሆን የሽኝት ካርድ፣ የምስጋና ወረቀት፣ የሠርግ ጥሪ የሚጻፈው በእኔ ነበር። ሰው ጽሕፈቱ ካማረ የሚጽፈውንም ያውቃል ተብሎ ይታሰባል፤ የእኔ መከራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በማዕከሉ ኮሪደር መጨረሻ ላይ የሲስተር አንጓች ክፍል ነበር። በሩ ላይ «ኦኩፔሽናል ቴራፒ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ይህን ቃል አንብቦ የጨረሰ ባላገር አላየሁም፤ እኔም ደብዳቤ ላይ ስጽፈው አንድ ፊደል ሳልገድፍ ቀርቼ አላውቅም። ባላገሩ በአጭሩ «የቁልፍ ሐኪሟ» ይላታል። ክፍሏ ውስጥ ግድግዳው ሁሉ አሮጌ ሸሚዝ ተሰቅሎበታል፤ እጁ የሰለለ፣ ጣቱ የተቆረጠ፣ ግማሽ ጎኑን ስትሮክ የመታው ሰው ሁሉ እዚያ ተቀምጦ የሸሚዝ ቁልፍ ሲቆልፍና ሲፈታ ይውላል። መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ። ባቄላ ከአተር ይለያሉ፣ ውኃ ከጆግ ወደ ኩባያ ይገለብጣሉ፣ ገመድ ይቋጥራሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ማዕከሉ ሠራተኛ አጥቶ በሽተኛ ያሠራል ብዬ አዝኜ ነበር።

«ሰውየው እቤቱ ሲገባ እንጀራውን ቆርሶ መጉረስ አለበት። የእኔ ሥራ እሱ ነው» አለችኝ ስጠይቃት።

ከጤና ኮሌጅ የሚላኩላትን ተማሪዎችም የምታስተምረው እንደዚሁ ነው። ቀኝ እጃቸውን በፋሻ ጠፍራ ታስርና በግራ እጃቸው ሽንኩርት አስከትፋ ወጥ ታሠራቸዋለች። ወጡን የምንበላው የቢሮ ሠራተኞች ስለሆንን ትምህርቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በሆዴ አውቀዋለሁ።

አንድ ነገሯን ግን አልወደውም ነበር። በሽተኞቿን ከሰለለው እጃቸው ጋር ታነጋግራቸዋለች። ስም ያወጡለታል፤ ጠዋት ሲነሱ እንዴት አደርክ ይሉታል፤ አላነሳም ካለ ይቆጡታል። ካላናገሩት እጁ ባለቤቱን ይረሳል ትላለች። ፋይል ይዤ በኮሪደሩ ሳልፍ ከዚያ ክፍል ውስጥ የአምስትና የስድስት ሰው ሹክሹክታ እሰማለሁ፤ ዞር ብዬ ሳይ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የሚያወራው ከገዛ እጁ ጋር ነው። ጠጉሬ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ፋይል የምወስደው በጓሮ በኩል ዞሬ ነበር።

የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሰሞን ሲስተር የፈቃድ ፎርም ሞልታ ወደ ገዳም ለሱባዔ ልትሄድ ተነሣች። ስልኳንም ከመዝጋቷ በፊት መዝገብ ቤት መጥታ አደራ ሰጠችኝ። እናቷ እማሆይ፣ አምበር የምትባል ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልባቸው ታሟል። ከወለዷቸው አምስት ልጆች የቀረቻቸው እሷ ብቻ ነች።

«ሐኪሙ አንድ ድንጋጤ ይበቃቸዋል ብሏል» አለችኝ። «መድኃኒታቸውን በየሳምንቱ በአምበር መኪና ላክልኝ። ክፉ ወሬ ብቻ ጆሯቸው እንዳይገባ። አደራህን።»

«በእኔ ይሁንብሽ» አልኳት። በደረቴ መስቀል አማትቤም ነበር።

በማግስቱ የማዕከሉ ኃላፊ አስጠሩኝ። ጾሙ ሲፈታ ለሲስተር አንጓች የክብር ፕሮግራም ሊዘጋጅ መሆኑን፣ እሷ ግን እስከዚያ ቀን ምንም እንዳትሰማ፣ የኮሚቴው ጸሐፊም እኔ መሆኔን ነገሩኝ። «ካከመቻቸው ሰዎች ቤት ድረስ ሂድና የሕይወት ታሪኳን አጠናቅረህ ጻፍ። ፎቶዋንም በትልቁ አሠርተህ ፍሬም ውስጥ አስገባ» አሉኝ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በእኛ አገር ሰው በቁሙ የሕይወት ታሪኩ አይጻፍም። የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው ለቀብር ነው፤ የሚነበበውም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ሬሳው ፊት ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔም አውቀዋለሁ፤ ከአንገቴ በላይ ግን የኮሚቴ ጸሐፊነቱ ሞልቶት ነበር።

ፎቶ ቤቱ ዘንድ ሄድኩ። ባለቤቱ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ትልቅ ፍሬም ሲታዘዝ ጥያቄ አይጠይቅም። የሰጠሁት ከመታወቂያ ላይ የተነሣ ጉርድ ፎቶ ነበር። በማግስቱ ሳየው ሲስተር አንጓች ፊቷ ነጥቶ፣ ከኋላዋ ሰማያዊ ሰማይና ደመና ተደርጎላት፣ ከየትም አቅጣጫ ብቆም እኔን እያየች ቁጭ ብላለች። በፍሬሙ አንድ ጥግ ላይ በሰያፍ ጥቁር ጥብጣብ ታስሮበታል። እኔ ማሳመሪያ መሰለኝ። «እጅህ ይባረክ» ብዬው ወጣሁ። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እስከ በሩ ሸኘኝ፤ ሰው አክባሪ ነው አልኩ።

ፍሬሙ ቦርሳ ውስጥ አይገባም። በፌስታል እሸፍነዋለሁ፣ ነፋሱ ይገልጠዋል። ዕቃ ማስቀመጫ የለኝምና፣ ለሰዎቹም ባሳያቸው ወሬ ያስታውሳቸዋል ብዬ ታቅፌው ወደ ደምበጫ ተሳፈርኩ። በጎጃም መንገድ ላይ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ባዶ ወንበር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ረዳቱ እንኳ ሰው አላስጠጋብኝም። ሾፌሩ ዘፈኑን ዘጋው። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ሃያ ሰው ትንፍሽ ሳይል ደምበጫ ገባን። እኔ እንቅልፌን ተኛሁ።

ደምበጫ የሄድኩት ወይዘሮ ስመኝ ዘንድ ነበር። እጃቸውን እሳት በልቶት ጣቶቻቸው ተጣብቀው የነበሩ ሴት ናቸው፤ ከሲስተር ዘንድ ስምንት ወር ተቀምጠው ዛሬ ጥጥ ይፈትላሉ። ስደርስ በር ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸው ይሽከረከር ነበር። «የሲስተር አንጓችን የሕይወት ታሪክ ልጽፍ መጥቼ ነው» ብዬ ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አደረግሁት።

እንዝርቱ ወድቆ እየተንከባለለ ጭቃ ውስጥ ገባ። አላነሡትም። ጥብጣቡን በዚያ በተኮማተረ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። በጣም የተነኩ መሰለኝ፤ ይህን ያህል ይወዷታል ብዬ አሰብኩ።

«ጻፍ ልጄ» አሉኝ ከነጠላው ሥር። «ወንዱ ሁሉ እጄን ሲያይ ዞር ሲል እሷ ይዛ ታሸው ነበር በል። እንዝርት ገዝታ አመጣችልኝ በል። እኔ አልችልም እያልኩ ስወረውር፣ እሷ እያነሣች ስትሰጠኝ፣ ስወረውር፣ ስታነሣ... አርባ ጊዜ ይሆናል በል። አንድ ቀን አልተቆጣችም።»

ጻፍኩ። እንዲህ አንጀት የሚበላ ምስክርነት በመጀመሪያው ቤት ማግኘቴ ገርሞኝ እያጣደፍኩ ጻፍኩ። ስጨርስ ቀና ብል ግቢው በሰው ሞልቷል። መቼ እንደገቡ አልሰማሁም።  ወይዘሮ ስመኝ የተቃጠለ እጃቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ዝግ ባለ ድምፅ «ሰማሽ?» አሏት። «ሰማሽ ወይ አንቺ?» ደሞ ጀመሩ ብዬ ተነሣሁ። ሰዎቹ ግራና ቀኝ ተከፍለው አሳለፉኝና እስከ መናኸሪያው ድረስ በዝምታ ተከተሉኝ። መንግሥት ሠራተኛ መሆኔን አውቀው ነው አልኩ።

በማግስቱ ሮብ ነበርና የገበያ መኪና አግኝቼ ወደ ሮብ ገበያ ወጣሁ። እዚያ የኔታ አሉ፤ ብዙ ደቀ መዝሙር ያፈሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ወስዶባቸው መጻፍም ማማተብም አቅቷቸው ነበር፤ ሲስተር ናት መልሳ ያስጻፈቻቸው። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጮቄ አቅጣጫ፣ አንድ ሰዓት በእግር ነው። ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ውጦታል። የገዛ ጫማዬን አላየውም፤ የማየው ደረቴ ላይ የታቀፍኩትን የሲስተርን ነጭ ፊት ብቻ ነው። እሷም ታየኛለች። ላዞራት አስቤ ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ብትሄድ ደግሞ የባሰ መሰለኝ።

ከጉሙ ውስጥ የተማሪዎቹ ዜማ ይሰማል። እኔ ስቀርብ በአንድ በኩል ያሉት ዝም አሉ፤ ቀጥሎ ያሉት ዝም አሉ፤ ዝምታው ከጎጆ ወደ ጎጆ እየዞረ ሄዶ ተራራው በሙሉ ጸጥ አለ። የአንድ አሮጌ ሰው ድምፅ ብቻ ቀረ። ድምፁ ከመጨረሻዋ ጎጆ ይመጣል። «ተንሥእ» ይላል። ቆየት ብሎ፣ ቆጣ ብሎ፣ «ተንሥእ እኮ ነው የምልህ!»

እኔ ግዕዜ ከዳዊት ባያልፍም ተነሥ ማለት መሆኑን አላጣሁትም። ሬሳ ላይ የሚጸልዩ መሰለኝና በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ የኔታ መደብ ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይገሥጹታል። እጁም ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ፣ ተነሣ። ጽዋቸውንም ያዘ።

«እንደምን ዋሉ የኔታ» አልኩ። «የሲስተር አንጓችን የሕይወት ታሪክ ልጽፍ...»

ጽዋው ወደቀ። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩት። ቀጥሎ ያደረጉትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ግራ እጃቸውን ቀኝ እጃቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ለሰው መርዶ እንደሚነገረው ዙሪያውን ዞረው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤናው ጠይቀውት፣ በመጨረሻ «በርታ እንግዲህ። ያች እናትህ አርፋለች» አሉት። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የኔታ እያባበሉ ያዙት።

አሁን እንዲህ ቁጭ ብዬ ስነግራችሁ ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነው። ያኔ ግን ስላረፈች እናታቸው ትዝ ብሏቸው ነው፣ ሽማግሌ ናቸው አልኩና እስክሪብቶዬን አወጣሁ። የኔታም ነገሩኝ፤ አራት ገጽ ነገሩኝ። ውጪ ደወል ተደወለ። የፍልሰታ ቅዳሴ ነው አልኩ።

መኪና ስለሌለ እዚያው አደርኩ። ሐሙስ ማለዳ ሳልጠራቸው የኔታ በበቅሎ፣ ደቀ መዛሙርቱ በእግር ተነሥተው ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ጉሙ እንዳለ ነው። ትንሽ እንደሄድን ግራና ቀኝ ካሉት መንደሮች ሰው እየወጣ መንገዱ ውስጥ ይገባ ጀመር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዱ ክንዱ ከክርኑ በታች የለም። አንዷ በምርኩዝ ናት። አንዱ እጁን አንገቱ ላይ በጨርቅ አንጠልጥሎታል። ሁሉንም የሆነ ቦታ አውቃቸዋለሁ፤ በማዕከሉ መዝገብ ቤት ያላለፈ ፊት የለባቸውም። ሹክሹክታቸው ይሰማል። እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። እያንዳንዱ ለእጁ ነው የሚያወራው። በዚያ ጉም ውስጥ፣ ምናልባት መቶ ሰው፣ ለመቶ እጅ ያወራል።

 አጠገቤ ያለውን ሰው «ማን ሞቶ ነው?» አልኩት።

ሰውየው እኔን አየ። ፎቶውን አየ። አማተበና ጥሎኝ ሮጠ።

ደብረ ማርቆስ የገባሁት ከቀትር በኋላ ነው። ፎቶውን ቢሮ ላስቀምጥ በሲስተር ሰፈር በኩል ስቆርጥ በሯ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የእድር ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ንፍሮ ይቀርባል። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ሙላት እንዳዩኝ ብድግ ብለው ፎቶውን ተቀበሉኝና መሐል ጠረጴዛ ላይ አቆሙት።

«ማን ነው ያረፈው ጋሼ?» አልኩ።

«ምነው ልጄ! ሲስተር አንጓች ናታ። ገዳም እንዳለች ድንገት ነው አሉ። ሬሳዋን ሊያመጡ ሰዎች ልከናል።»

ምን ልበላችሁ? አመንኩ። ወሬውን ያዋለድኩት እኔ፣ ያደረስኩት እኔ፣ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ እንደ አዲስ የሰማሁት እኔ። በቁሟ የሕይወት ታሪክ ብጽፍባት ሟርቼ ገደልኳት ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ድንኳኑ ውስጥ እንደ እኔ ያለቀሰ የለም። አራት ሰው ያዘኝ። የኃላፊያችን ባለቤት ራሴ ላይ ውኃ አፈሰሱብኝ። ትንሽ ጋብ ሲልልኝ ለጋሼ ሙላት «ማን ነው ያረዳችሁ?» አልኳቸው።

«ወሬው ከደምበጫ ነው የመጣ። ወይዘሮ ስመኝ የሚባሉ ሴት ልከውብን። እሳቸውን ደግሞ አንድ ሰው ፎቶዋን ይዞ፣ የሕይወት ታሪኳን እየለቀመ መጥቶ...» ጋሼ ሙላት እዚህ ላይ አቆሙ። ፎቶውን አዩ። እኔን አዩ። እኔም ፎቶውን አየሁ። የጥብጣቡ ነገር ያኔ ነው የገባኝ።

አፌን ከፍቼ ገና አንድ ቃል ሳይወጣኝ ከመንገዱ በኩል ኡኡታ ተሰማ። የሴት ድምፅ ነው። የማውቀው ድምፅ ነው። የድንኳኑ መጋረጃ ተገለጠና ሲስተር አንጓች፣ ነጭ ለብሳ፣ ዝናብ ከራስ እስከ እግሯ አብስብሷት፣ ደረቷን እየመታች ገባች። «እናቴን! እናቴን! ሳልደርስልሽ!»

ያን ጊዜ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ ራሴ አግዳሚ ወንበር ሥር ስለነበርኩ። ድንኳኑ ባንድ ወገን ወደቀ። ጥሩምባ ነፊው ምን እንደነካው እንጃ ጥሩምባውን ነፋ። አንድ ቄስ መስቀላቸውን ዘርግተው ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ንፍሮው ላይ ተቀመጡ። ለካ እሷ ገዳም እንዳለች አንድ ተሳላሚ «በርሽ ላይ ድንኳን ተተክሎ አየሁ» ይላታል፤ ደጇ ላይ ድንኳን የሚያስተክል ሰው ከእናቷ ሌላ ስለሌላት እያለቀሰች መንገድ ጀመረች። ሬሳዋን ሊያመጡ ከሄዱት ጋር ተላልፈዋል።

የቀረው ሰው ከዳር ቆሞ ሲያያት እሷም ፎቶዋን አየች። ለቅሶዋ ቀጥ አለ። «እናቴ አልሞተችም?» አለች።

«አልሞቱም» አሉ ጋሼ ሙላት።

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

 ሁሉም ያያታል። ቀስ ብላ ወደ ፎቶው ቀረበችና ጥብጣቡን ነካችው። ፊቷ ፎቶው ላይ ካለው የባሰ ነጣ። በኋላ ድንገት ዞራ «ለእማ የነገራት አለ?» አለች።

ጋሼ ሙላት መሬት አዩ። «መርዶ የሚነገር በማለዳ ነበር። ወሬው ቀድሞ ጆሯቸው እንዳይገባ ብለን፣ ሦስት ሽማግሌ... ከሰዓት በፊት ነው የሄዱት።»

አደራዬ ያኔ ትዝ አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከአግዳሚው ሥር ስወጣ እንኳን እሷን ቀና ብዬ ላይ የገዛ እግሬንም አፍሬ አላየሁትም። ፎቶውን ያሠራሁት፣ የዞርኩት፣ ሁሉንም ያደረግሁት እኔ ነኝ አልኳት። በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «መኪና ፈልግ» ብቻ አለችኝ።

ያገኘነው ሚኒባስ ሽማግሌዎቹን አምበር አድርሶ የተመለሰው ራሱ ነበር። ሾፌሩ ስለ ማን እንደሄዱ ሰምቷል። እሷ ከኋላው ስትቀመጥ መስተዋቱን ወደ ጣሪያው አዞረው፤ አምበር እስክንደርስም ዳዊት እየደገመ ነዳ። ዝናቡ አላቆመም። ሲስተር ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቢሆንም ድምፅ የለውም። እኔ የጻፍኩት ወረቀት ደረት ኪሴ ውስጥ አለ፤ እንደ ፍም ያቃጥለኛል። ስንደርስ ምን እንደምሰማ፣ ኡኡታ ከሆነ ምን ማለት እንደሆነ፣ ጸጥታ ከሆነ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ እያሰላሁ ሄድኩ።

ጸጥታ ነበር። የእማሆይ በር ገርበብ ብሏል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግድግዳው ሥር ተደርድረው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ሲስተርን ሲያዩ አንደኛው ሲጥ ያለ ድምፅ አወጣ፤ ሌሎቹ ግድግዳው ውስጥ ለመግባት ሞከሩ። ነግረዋቸዋል። ከፊታቸው ያስታውቃል።

እማሆይ መደቡ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። አላለቀሱም፣ አልወደቁም። ሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቶ፣ ጣታቸው እንደ እንጨት ደርቆ፣ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። ትንፋሻቸውን ለማየት ጎንበስ አልኩ። ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም።

«መጣሽ?» አሉ። «ልትሰናበቺኝ መጣሽ?»

ሲስተር ገና አፏን ስትከፍት «አትጠጊኝ» አሏት፤ በልመና ነው ያሉት። «አትጠጊኝ ልጄ። ከነካሁሽ ትጠፊያለሽ። እዚያው ቆመሽ ትንሽ ልይሽ።»

እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁትም መንፈስ አልነበረም። የዚያች አሮጊት ልብ እዚያው ዓይኔ ሥር ቀጥ ሊል ነው፤ የገደልኳትም እኔ ነኝ። አለች፣ በሕይወት አለች ብዬ ልጮህ ስል ሲስተር በእጇ ምልክት ከለከለችኝ። አታልቅስ፣ አትጩህ፣ ማለቷ ነው። እሷም አላለቀሰችም። ስንት ጊዜ በዚያ ክፍል በር ሳልፍ የሰማሁት ያ የሥራ ድምፅ ነው ከአፏ የወጣው፤ ቀስ ያለ፣ ትንሽ ቆጣ የሚል።

«እማ፣ በስብሻለሁ» አለች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውልቃ አንዱን ጫፍ ዘረጋችላቸው። «ያዥልኝና እንጭመቀው።»

እማሆይ ጫፉን አዩት። እጃቸው አልተነሣም።

«ያዥልኝ እንጂ። ብቻዬን አይጨመቅልኝም።»

ጠበቀች። እኛም ጠበቅን። ከነጠላው ጫፍ ውኃ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እማሆይ ውኃውን አዩት። ወለላቸው ሲጨቀይ አዩት። ከዚያ የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ፤ ሌባ ጣታቸው ተከተለ፤ ጫፉን ያዙት። ሲስተር በወዲህ አጠማዘዘች፣ እሳቸው በወዲያ። ውኃው ግልብጥ ብሎ ወረደ። እማሆይ እንደገና አጠበቁ፣ እንደገና ጠመዘዙ። ከዚያም ነጠላውን እንደያዙ ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ ልጃቸው ተስባ እቅፋቸው ውስጥ ገባች። ያኔ ነው ያለቀሱት። ሽማግሌዎቹም አለቀሱ፤ ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ በአንድ ቀን ሰው የሚይዘኝ ሆንኩ።

ሲረጋጉ መድኃኒታቸውን ዋጡ። በደረቅ ጋቢ ልጃቸውን ጠቀለሏትና እጇን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ይቅር በሉኝ አልኩ፤ እናቴን ብዬ፣ ማርያምን ብዬ ለመንኩ።

«ተነሥ። አንብበው» አሉኝ።

«እማ፣ ተይ!» አለች ሲስተር።

«ዝም በይ አንቺ። የአራቱ ሲነበብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የአንቺን አጠገቤ አስቀምጬሽ ልስማ።»

አነበብኩ። ወረቀቱ በዝናብ ርሶ እዚህም እዚያም ቀለሙ ተንጠፍጥፏል፤ ያልታየኝን በቃሌ ሞላሁት። የወይዘሮ ስመኝን እንዝርት አነበብኩ፣ የየኔታን አራት ገጽ አነበብኩ። ሲስተር ጋቢው ውስጥ ፊቷን ቀበረች። እማሆይ በየመሐሉ «እሺ» ይላሉ፤ አንዳንዱን ቦታ «ድገመው» ይላሉ። እንዝርቱ ስንት ጊዜ እንደተወረወረ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ስጨርስ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ የስንት ዓመት የቀብር ልማድ ይዟቸው፣ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና «ነፍስ ይ...» ብለው ምላሳቸውን ነከሱ።  የሲስተር ራስ ከጋቢው ውስጥ ብቅ አለ።

እማሆይ የልጃቸውን እጅ አጥብቀው ይዘው ሽማግሌውን ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ግድ የለም፣ ይቀመጡ» አሉ። «ያችን ቃል ለእኔ ያቆዩልኝ። በተራዬ።»